ከሰማይ የሚወርደውን ስውር ጨረር ያገኘው ሊቅ ቪክቶር ሄስ

ባለፈው ጥር ወር ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጫጫ ላይ መሸብንና እዚያው አደርን። የጫጫን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ስለ ብርዱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አገሩ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገላጣ ሜዳ ስለ ሆነ፣ በጥር ሌሊት ነፋሱ ጋቢን አልፎ አጥንት ድረስ ይሰማል፤ ሲነጋም ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ሰማዩ እንደ ብርዱ የጠራ ነው። ከራት በኋላ ወደ ደጅ ወጥተን ቀና ብንል፣ ከዋክብቱ ከመብዛታቸው የተነሣ እርስ በርሳቸው የሚነካኩ ይመስሉ ነበር።

ከእኛ ጋር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቆሞ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰማይ ወደ እኛ የሚወርደው ብርሃንና ዝናም ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። በዚያች ደቂቃ ዓይን የማያየው ነገር የቤቱን ቆርቆሮ፣ የለበስነውን ጋቢና የራሳችንንም ሰውነት እየበሳ በማለፍ ላይ መሆኑን፣ ጫጫም ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ ይህ ነገር ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በዚህ እንደሚበዛ ስንነግረው ልጁ እጁን አንሥቶ ተመለከተው። ቀጥሎም ይህን ማን አወቀው ብሎ ጠየቀ። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። አንባቢ እንዲያስተያየው ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አስቀምጠነዋል።

ቪክቶር ፍራንትዝ ሄስ በኦስትሪያ አገር፣ ከግራትዝ ከተማ ብዙ በማይርቀው በዋልድሽታይን ግንብ፣ በሰኔ ወር 1875 ዓ.ም. ተወለደ። ግንቡ የቤተሰቡ ሀብት አልነበረም፤ አባቱ የአንድ መስፍን የደን ሹም ስለ ነበረ በዚያ ይኖር ነበር። ልጁም በጫካ መካከል አደገ። በግራትዝ ከፍተኛ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ በርሊን ሄዶ፣ ጳውል ድሩደ በተባለው ስመ ጥር ሊቅ ሥር የብርሃንን ጠባይ ሊያጠና ተሰናዳ። ነገር ግን በ1898 ዓ.ም. ጕዞው ሲቃረብ ድሩደ በገዛ እጁ ሕይወቱን ማጥፋቱ ተሰማ። ወጣቱ ያሰበው መንገድ ተዘጋበት። ሐሳቡን ለውጦ ወደ ቪየና ሄደ፤ በዚያም ራዲየምንና ከራዲየም የሚወጣውን ጨረር ከሚመረምሩት ሊቃውንት ጋር ተቀላቀለ። በ1903 ዓ.ም. ገደማ አዲስ በተቋቋመው በቪየና የራዲየም ምርምር ተቋም ረዳት ሆኖ መሥራት ጀመረ።

በዚያን ዘመን የፊዚክስን ሊቃውንት አንድ ትንሽ ነገር ያስቸግራቸው ነበር። ኤሌክትሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ሁለት ቀጫጭን ቃጫዎች አሉት። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ሲሞላ ቃጫዎቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ይራራቃሉ። በአጠገቡ ራዲየም ቢቀርብ፣ ጨረሩ በውስጡ ያለውን አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሚያደርገው፣ የተሞላው ኤሌክትሪክ ያልቅና ቃጫዎቹ ይቀራረባሉ። ይህ የታወቀ ነው። አስቸጋሪው ነገር ግን ራዲየም ሳይቀርብ፣ ዕቃው በወፍራም እርሳስ ተሸፍኖ እንኳ፣ ቃጫዎቹ ቀስ በቀስ መቀራረባቸው ነው። አንድ ዘልቆ የሚገባ ጨረር ከየት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይመጣ ነበር።

ብዙዎቹ ሊቃውንት ጨረሩ ከምድር፣ ይኸውም በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ካለው ራዲየም ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። እንዲህስ ከሆነ ከምድር በራቁ ቍጥር መቀነስ አለበት። ይህን ለመፈተን ቴዎዶር ቩልፍ የተባለ የፊዚክስ መምህር የሆነ ካህን በ1902 ዓ.ም. መሣሪያውን ይዞ ፓሪስ ከሚገኘው ከኤፌል ግንብ ጫፍ፣ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለካ። ጨረሩ ቀነሰ፤ ነገር ግን የሚጠበቀውን ያህል አልቀነሰም። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊው ዶሜኒኮ ፓቺኒ መሣሪያውን በባሕር ውስጥ አጥልቆ ሲለካ፣ ከውሃ በታች ጨረሩ ማነሱን አየ። ሁለቱም ፍንጭ ሰጡ፤ ጉዳዩ ግን አልተቋጨም።

የሄስ ጠባይ የታየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ ከመውጣቱ አስቀድሞ የራዲየም ጨረር በአየር ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ በምድር ላይ ለካ። ከዚህም ልኬት ተነሥቶ፣ ከምድር የሚወጣ ጨረር 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ሊያልቅ እንደሚቃረብ አሰላ። እንግዲህ ከዚያ በላይ ወጥቶ ማየት ብቻ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከፍ ብሎ ለመብረር በጋዝ ከተሞላ ፊኛ የተሻለ መሣሪያ ስላልነበረ፣ በሥሩ በተንጠለጠለው ቅርጫት ውስጥ ሰውም መሣሪያም ተጭኖ ይወጣ ነበር። ሄስ ሌላ ሰው አልላከም፤ ራሱ ወጣ።

በ1903 ዓ.ም. መጨረሻና በ1904 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መሣሪያውን ሞከረ። ከዚያም በ1904 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ በረረ። ከሰባቱ የመጀመሪያው የተደረገው ሚያዝያ 9 ቀን ፀሐይ በከፊል በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ ነው። ጨረሩ ከፀሐይ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት መቀነስ ነበረበት፤ ግን አልቀነሰም። በሌሊትም ሲበር ያው ሆነ። እንግዲያስ የጨረሩ ምንጭ ፀሐይ አይደለችም ብሎ ደመደመ።

ታላቁ ቀን ነሐሴ 1 ቀን 1904 ዓ.ም. ነበር። ሄስ በቦሄሚያ አገር አውሲሽ ወደምትባለው ከተማ የሄደው ሃይድሮጅን የተባለው ቀላል ጋዝ በዚያ ስለሚገኝ ነው፤ በተለመደው የመብራት ጋዝ የተሞላ ፊኛ የሚፈልገው ከፍታ ላይ አያደርሰውም ነበር። ከጥዋቱ 12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲሆን ፊኛው ከምድር ተነሣ። በቅርጫቱ ውስጥ ፊኛውን የሚነዳ ሻምበል፣ የአየሩን ጠባይ የሚመዘግብ ሰውና ሄስ ከ3 ኤሌክትሮስኮፖቹ ጋር ነበሩ። አንድ መሣሪያ ቢሳሳት ሌሎቹ እንዲመሰክሩበት 3 አድርጎ መያዙን ልብ ይሏል። ፊኛው የራስ ደጀንን ጫፍ በሚያስንቅ ከፍታ፣ 5,350 ሜትር ድረስ ወጣ። አየሩ ሳስቶ መተንፈስ እያስቸገረ፣ ብርዱም እየበረታ፣ ሄስ ከቃጫዎቹ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ቍጥሩን ይጽፍ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከበርሊን በስተምሥራቅ ከአንድ ሜዳ ላይ ወረዱ።

በደብተሩ ላይ የተጻፈው ቍጥር ነገሩን ገለጠው። ፊኛው ከምድር ሲነሣ ጨረሩ በመጀመሪያ ጥቂት ቀነሰ፤ ይህ ከምድር የሚወጣው ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ግን እንደ ገና መጨመር ጀመረ፤ በ5,000 ሜትር ገደማ በምድር ላይ ካለው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር የሚበዛ ጨረር ምንጩ በላይ እንጂ በታች ሊሆን አይችልም። በኅዳር 1905 ዓ.ም. ሄስ ሥራውን አሳትሞ፣ እጅግ ዘልቆ የሚገባ ጨረር ከውጭ ወደ አየራችን እንደሚገባ አስታወቀ።

አንባቢ ያንን ዘመን በአገራችን በኩል ሊያስታውሰው ይችላል። ከጫጫ አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በሕመም ተኝተው ነበር፤ ባቡሩም ገና አዲስ አበባ አልገባም። ሄስ ያገኘው ጨረር ግን ያን ጊዜም በአንጎለላ ሜዳና በእረኛው ራስ ላይ ያለ ማቋረጥ ይወርድ ነበር። የተፈጥሮን ነገር ለማወቅ የሚቀድምና የሚዘገይ ሕዝብ አለ፤ ተፈጥሮ ራሷ ግን ለማንም አታዳላም።

ሄስ ያገኘው ነገር ወዲያውኑ አልታመነለትም። ጀርመናዊው ቬርነር ኮልሄርስተር በሰኔ 1906 ዓ.ም. እስከ 9,300 ሜትር ወጥቶ ጨረሩ በብዙ እጥፍ ሲጨምር አገኘው፤ ወዲያው ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ምርምሩ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ታላቁ አሜሪካዊ ሊቅ ሮበርት ሚሊካን ነገሩን ተጠራጥሮ ነበር። በኋላ ግን ራሱ በካሊፎርኒያ ተራሮች በሚገኙ ሐይቆች ውስጥ ለክቶ እውነት መሆኑን አረጋገጠና፣ በ1918 ዓ.ም. ኮስሚክ ጨረር የሚለውን ስም አወጣለት። የአሜሪካ ጋዜጦችም የሚሊካን ጨረር እያሉ ያወሩ ጀመር። ከ13 ዓመት በፊት በገዛ ሕይወቱ ደፍሮ ወደ ላይ ለወጣው ሰው ይህ መራራ ነበር። ሄስ መልስ የሰጠው ቀኑን፣ ከፍታውንና ልኬቱን በማስታወስ ነው። በደንብ የተጻፈ ደብተር የባለቤቱ ጠበቃ ሆነ።

ከራዲየም ጋር መዋል ያለ ዋጋ አልቀረም፤ ጨረሩ እጁን ስላቃጠለው አንዱን አውራ ጣቱን አጣ። ሥራውን ግን አልተወም። ከ1913 እስከ 1915 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሠራ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በግራትዝ፣ ቀጥሎም በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከኢንስብሩክ በላይ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ባለው በሃፈለካር ተራራ ላይ ጨረሩን ሌሊትና ቀን የሚለካ ጣቢያ አቋቋመ። ከፍታው ከጫጫ ዝቅ ማለቱን ለአንባቢ እናስታውሳለን። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተሰጠው። የሽልማቱ ተካፋይ አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ነበር፤ እርሱም በዚሁ በኮስሚክ ጨረር ውስጥ ፖዚትሮን የተባለውን ረቂቅ ነገር ያገኘ ነው።

በዚያ ዓመት የእኛ አገር በፋሺስት ወረራ ሥር ነበረች። የናዚ ክንድ ለሄስም ሩቅ አልነበረም። በመጋቢት 1930 ዓ.ም. ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ፣ ሄስ ለአዲሱ መንግሥት የማይገዛ ስለ ሆነና ሚስቱም ከአይሁድ ወገን ስለ ነበረች ከሥራው ተባረረ። በስዊድን ባንክ ያስቀመጠውን የሽልማት ገንዘብ እንኳ በጀርመን መንግሥት የዕዳ ወረቀት እንዲለውጥ ተገደደ። ባልና ሚስቱም ወደ ስዊስ ሸሹ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሄስ 55 ዓመት ሆኖት፣ ሀብቱንና የተራራ ጣቢያውን ትቶ፣ በኒውዮርክ በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን እንደ ገና ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜግነት ተቀበለ። በሂሮሺማ የአቶም ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የቦምቡ ርዝራዥ ከአየር ይወርድ እንደ ሆነ በኒውዮርክ ረጅም ሕንጻ ላይ ሆኖ ለካ፤ ጨረር ሰውን እንደሚጎዳ በገዛ እጁ ያወቀ ስለ ነበረ የአቶም ቦምብን ሙከራ ይቃወም ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1957 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ሄስ ሲሞት ትልቁ ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር። ጨረሩ ከውጭ እንደሚመጣ ታውቋል፤ ግን ከሰማይ ከየትኛው ስፍራ? ኮስሚክ ጨረር የሚባለው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ያላቸው ረቂቃን ቅንጣቶች ናቸው። በከዋክብት መካከል ያለው የማግኔት ኀይል መንገዳቸውን ያጣምመዋል። ነገሩን በጫጫ ገበያ እንመስለው። በሸለቆና በገደል ሲዞር የሰነበተ ሰው በምሥራቅ በኩል ወደ ገበያው ቢገባ፣ አገሩ በምሥራቅ ነው ማለት አይቻልም። በቀጥታ መንገድ የመጣ ሰው ግን በገባበት በኩል አገሩ ይታወቃል። ከሰማይ ይህን የመሰለው ቀጥተኛ መንገደኛ ጋማ ጨረር ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለሌለው ማግኔት አያጣምመውም። ኮስሚክ ጨረር በሚወለድበት ስፍራ ጋማ ጨረርም አብሮ ስለሚወለድ፣ ጋማውን የተከተለ ምንጩን ያገኛል።

ችግሩ አየራችን ጋማ ጨረርን ወደ ምድር አለማሳለፉ ነው። ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን ኀይሉ ሺህ ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚበልጠው ብርቱ ጋማ ጨረር ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በሰው ሠራሽ ሳተላይት ላይ በሚጫን ትንሽ መሣሪያ ለመያዝ ያስቸግራል። ሊቃውንት ግን እንቅፋቱን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። ጋማ ጨረር ከፍ ባለው አየር ላይ ሲጋጭ የቅንጣቶች ውርጅብኝ ያስነሣል። እነዚህም ቅንጣቶች ብርሃን በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ጥቂት ስለሚበልጡ ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣሉ። የዚህ ዓይነቱን ብርሃን ሩሲያዊው ፓቬል ቼሬንኮቭ በ1926 ዓ.ም. በፈሳሽ ውስጥ አግኝቶት ነበር፤ በአየርም ውስጥ መኖር እንዳለበት እንግሊዛዊው ፓትሪክ ብላኬት በ1940 ዓ.ም. ገለጠ። ብልጭታው የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ ቢሊዮን እጅ ጥቂቱን ብቻ ነው። በምድር ላይ ሲደርስ ግን ስፋቱ 250 ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በዚያ ክልል ውስጥ የቆመ መስተዋት ሁሉ ሊያየው ይችላል።

በ1945 ዓ.ም. ጋልብሬዝና ጄሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ አንድ ትንሽ መስተዋትና ብርሃን የሚቈጥር አምፖል አስቀምጠው ወደ ሌሊቱ ሰማይ አቀኑት። ያንንም ሰማያዊ ብልጭታ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ገንዘብ የሚካሄደው ጥበብ በርሜል ውስጥ መጀመሩን ለወጣቶቻችን መንገር ተገቢ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ትዕግሥት አስፈለገ። በአሪዞና ላይ በ1960 ዓ.ም. 10 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ተተከለ፤ የተረጋገጠ ምንጭ የተገኘው ግን በ1981 ዓ.ም. ነው፤ 21 ዓመት ፈጀ። የተገኘውም ሸርጣን የተባለው የፈነዳ ኮከብ ርዝራዥ ነበር። ይህ ሸርጣን በዐውደ ነገሥት የምናውቀው ኮከብ አይደለም፤ የሚገኘው በሠውር ከዋክብት መካከል ነው። በ1046 ዓ.ም. ቻይናውያን በቀን ሳይቀር የታየ እንግዳ ኮከብ ሲሉ የመዘገቡት ይህ ኮከብ ሲፈነዳ ነው። በጥር ወር ምሽት በጫጫ ሰማይ ላይ ሠውር ከራስ በላይ ይቆማል። ተማሪው ቀና ብሎ ሲያይ ዓይኑ ያረፈው ሳያውቀው በዚያ አቅጣጫ ላይ ነበር።

የሄስ ስም በድጋሚ የተነሣው በአፍሪካ ነው። በናሚቢያ ደጋ፣ ከዊንድሁክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ ላይ የብዙ አገር ሊቃውንት ተባብረው 4 ታላላቅ ቴሌስኮፖች ተከሉ። ሥራው በ1996 ዓ.ም. ተፈጸመ። በስሙም ሄስ ተብለው ተጠሩ። እያንዳንዱ ቴሌስኮፕ 12 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ፊቱ በ382 ክብ መስተዋቶች የተሸፈነ ነው። አንዱን ብልጭታ ብዙ ሆነው ከየአቅጣጫው ስለሚያዩት የመጣበትን በትክክል ይለያሉ፤ ሄስ 3 ኤሌክትሮስኮፕ ይዞ የወጣበት ጥበብ ይኸው ነው። 28 ሜትር ስፋት ያለው አምስተኛው ቴሌስኮፕ የመጀመሪያውን ብርሃን ያየው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሄስ ታላቁ በረራ መቶኛ ዓመቱን ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ናሚቢያ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። እኛ ያለንበት ፍኖተ ሐሊብ የተባለው የከዋክብት ጉባኤ መካከሉ በደቡቡ ሰማይ ነው፤ በዚያ አገር ከራስ በላይ ያልፋል። በሰኔና በሐምሌ ሌሊት በደንብ በሚታይበት ጊዜ የእኛ ደጋ በክረምት ደመና ይሸፈናል፤ የናሚቢያ ሰማይ ግን በዚያው ወራት ደረቅና የጠራ ነው። ከ1996 እስከ 2005 ዓ.ም. 2,700 ሰዓት ያህል ፍኖተ ሐሊብን ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. የ78 ብርቱ የጋማ ምንጮች ዝርዝር ታተመ። ከእነዚህ 31ዱ ምን እንደ ሆኑ ተለይቷል፤ የፈነዱ ከዋክብት ርዝራዦች፣ ፈጥነው የሚሽከረከሩ የሞቱ ከዋክብት የሚነፉት ደመናና ጥንድ ከዋክብት ይገኙባቸዋል። የቀሩት 47ቱ መርማሪ የሚጠብቁ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በፍኖተ ሐሊብ መካከል፣ ታላቁ ጥቁር ጕድጓድ በሚገኝበት አካባቢ፣ ኮስሚክ ጨረርን እጅግ ወደ ላቀ ኀይል የሚያደርስ ምንጭ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት አገኙ። ሄስ የተወው ጥያቄ በከፊል ተመለሰ፤ ከፊሉም ዛሬ ይጠባበቃል።

አገራችንም በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ የተቋቋመው፣ ከተማዋ ለማግኔት ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ነው። በእንጦጦ ራስ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነዚህ የከዋክብትን ብርሃን እንጂ ጋማ ጨረርን የሚያዩ አይደሉም፤ ነገር ግን መንገዱ የሚጀመረው ከዚህ ነው። ከፍታና ጨለማ የዚህ ጥበብ ሀብት ናቸው። ከፍታውን ማንም አይወስድብንም፤ ጨለማው ግን ከተማና መንገድ በበራ ቍጥር ይቀንሳልና፣ ለከተማ ፕላን የሚያወጡ ወጣት ሹማምንት መብራቱ ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰማይ እንዳይበራ ቢያስቡበት ወጪውም ይቀንሳል፣ ሰማዩም ይተርፋል።

ከሄስ ሕይወት ለተማሪና ለጸሐፊ ቤት ሠራተኛ የሚሆነው ትምህርት አንድ ነው እንላለን። ሰውዬው ከጓደኞቹ የበለጠ ገንዘብ ወይም የረቀቀ መሣሪያ አልነበረውም፤ ኤሌክትሮስኮፑ በዘመኑ ሁሉም የሚያውቀው ነበር። የእርሱ ብልጫ ሌሎች በጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩበትን ነገር አስቀድሞ በምድር ለክቶ፣ ቀጥሎ ራሱ ወጥቶ ማየቱና ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፉ ነው። ገንዘቡን የቀሙት ሰዎች ያንን ደብተር ሊቀሙት አልቻሉም።

በማግስቱ ከጫጫ ስንነሣ ተማሪው ሊሰናበተን መጣ። ኤሌክትሮስኮፕ በጠርሙስና በቀጭን ቅጠለ ብረት ሊሠራ ይችል እንደ ሆነ ጠየቀን። ይቻላል አልነው። አሠራሩንም በደብተሩ ላይ ሥለን ሰጠነውና መንገዳችንን ቀጠልን።